ያልተተኮሰ መሣሪያና የሠሪው ሕሊና

አምስተኛውን ትእዛዝ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የምንናገረው ስለ ገዳይና ስለ ሟች ነው። ሰውን ለመግደል ተሠርቶ ማንንም ሳይገድል ስለ ቀረ መሣሪያ፣ ይልቁንም ስለ ሠሪው፣ እምብዛም አንጠይቅም። መሣሪያው ደም ስላላፈሰሰ የሠሪው ሕሊና ነጻ ነውን?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጆርጅ ሃይድ የተባለ በአሜሪካ የሚሠራ መሣሪያ ነዳፊ ኤም 2 የሚባል አነስተኛ መትረየስ አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1942 ተፈትኖ ተወደደ። ይሁን እንጂ አሠራሩ ፋብሪካውን ስላስቸገረ 400 ያህል ብቻ ተሠርቶ በ1943 ተሰረዘ፤ ለወታደርም ሳይታደል ቀረ። ቦታውን የወሰደው በርካሽ ዋጋ በብዛት የሚመረተው ኤም 3 ነው፤ በመቶ ሺዎች ተሠርቶ ተታኮሱበት። ዋና ነዳፊውም ያው ሃይድ ነበር። እንግዲህ ኤም 2ን ከደም ያዳነው የፋብሪካ ችግር እንጂ የሰው ርኅራኄ አይደለም። ሃይድን በአንዱ ንጹሕ፣ በሌላው በደለኛ ብንለው ሚዛናችን ያጋድላል። ጦርነቱ ወራሪን ለመመከት ነበር የሚል ቢኖርም፣ ክርክሩ ለሁለቱም መሣሪያዎች እኩል ይሠራል።

በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ሴባስቶፖል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ ለስብከት የመጡትን ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ሰዎቹ ሙያው የለንም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። ከብዙ ሙከራ በኋላ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጀ፤ መንገዱ በየገደሉ እየተቆፈረ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው እየጎተተው፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያ በተደረገ ጊዜ ሴባስቶፖል አንዳች አልጠቀመም፤ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ግን ወደቁ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

ይህ መድፍ ጠላትን ሳይጎዳ ስንቱን ወገን አድክሟል! ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም ድሆችን ከመጠን በላይ እንደሚጎዳ ባስተማረ ጊዜ በእርግጥ የኒዩክሌር ዘመንን ይመለከት ነበር። ሆኖም ያ ገበሬ መድፉን ለመጎተት ትከሻውን ሲሰጥ እርሻው ማን ያርሰው ነበር?

ለቆሼ ገበያ ማጭድና ቢላዋ የሚያቀርብ አንጥረኛ ሌላው ሰው ቢላዋውን ለጠብ ቢመዘው አይጠየቅም። ቢላዋ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ማጭድም እህል ያጭዳል። መድፍና መትረየስ ግን ሌላ ሥራ የላቸውም። ስለዚህ ሠሪው ለምን እንደሚሠራ አላወቅሁም ሊል አይችልም፤ ሊል የሚችለው ተገድጄ ነው፣ ወይም አገሬን ልከላከል ነው ብቻ ነው። ግዴታ በደልን ያቀልላል፤ የጋፋትም ሰዎች እምቢ ቢሉ ሰንሰለት ይጠብቃቸው እንደ ነበር መዘንጋት የለብንም። በደሉን ሁሉ ያስቀራል ለማለት ግን አንደፍርም።

ከእነዚሁ አንዱ የነበረው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደ። በዚያም ጦርነትን ፈጽሞ ከሚቃወሙት ከኩዌከሮች ማኅበር ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ኋላም ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። እነዚህን ሁሉ ሲሠራ ያዘዘው ንጉሥ አልነበረም።