«ደህና ነኝ» ማለት ውሸት ነው?



ሐናንያና ሰጲራ የተቀጡት ከመሬታቸው ዋጋ ስላስቀሩ አይደለም፤ ገንዘቡ የራሳቸው ነበር። ጥፋታቸው ከፊሉን ሰጥተው ሙሉውን የሰጡ መምሰላቸው ነው። እኛም ቤት ስንደውል ሁሉን የመናገር ግዴታ የለብንም። እናቴ እንዳትጨነቅ ብሎ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ያልሆነውን ሆነ ማለት ግን ሌላ ነው።

በ2020 እ.ኤ.አ. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ብዙ መዳሞች እህቶቻችንን ሃዝሚዬ፣ ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። እዚያ አስፋልት ላይ ያደረች ልጅ ለሰፈሯ ልጆች «ቤይሩት ጥሩ ነው» ብትል፣ ቃሏን አምና የምትመጣው ታናሽ እህት ዋጋውን ትከፍላለች።

ስለዚህ ለእናት ብለን ዝም ያልነውን እግዚአብሔር ያውቀዋል። «ልምጣ ወይ?» ብላ ለምትጠይቀን ግን እውነቱን እንንገራት። ልበ ቅንነት እሱ ነው። ጌታ ይርዳን፤ አሜን።