የተቆለፈ ኪታብ የማን አማና ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የመጀመሪያው ወሕይ «አንብብ» በሚል ትእዛዝ መጀመሩን የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ የለም። ልጆቻችን ይህን ገና በመድረሳ ደጃፍ ሳሉ ይሰሙታል። ይሁን እንጂ ማንበብ የሚነበብ ነገር ማግኘትን ይጠይቃል። ስለዚህ ኪታብ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ የተሸከመው አማና ኪታቡን ከሰው መጠበቅ ነውን? ወይስ ለሰው መጠበቅ?

በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮ፣ እንዲሁም ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ባለችው በበደሌ ኪታብ በብዛት የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የመስጂድ ቁም ሣጥን ሲሆን ሁለተኛው የሸይኾች ቤት ነው። የሁለቱም ልማድ ተቀራራቢ ነው። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ይኖራል፤ ሰውየው ወደ ገበያ ወይም ወደ ቡና ለቀማ ከሄደ ኪታቡም አብሮት እንደ ሄደ ይቆጠራል። ሸይኹ ወደ አኼራ የሄዱ እንደ ሆነ ደግሞ ልጆቻቸው ዐረብኛ የማያነቡ ሆነው ሳጥኑን በአክብሮት ያስቀምጡታል እንጂ አይከፍቱትም።

ይህ የሚደረገው ከክፋት አይደለም። ለኪታብ ካለን ክብር የመጣ ነው፤ የወጣ ኪታብ እንደ ወጣ ይቀራል ከሚል ሥጋትም ይነሣል። ሥጋቱም መሠረት አለው። ስንት ሙጀለድ ተበድሮ ሳይመለስ ቀርቷል! አንድ ጁዝእ የጎደለው ተፍሲር ለደረሳ ምን ያህል ጉዳት እንደ ሆነ ያስተማረ ያውቀዋል።

ነገር ግን የአገራችንን አየር እናስብ። ጎሬ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ የአካባቢው እርጥበት ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት አይለቅም። ተዘግቶ አየር ያላገኘ ወረቀት ይሻግታል፣ ይጣበቃል፣ የቆዳ ሽፋኑንም ነፍሳት ይበሉታል። ከሰው እጅ ያዳንነውን ኪታብ ለሻጋታና ለምስጥ አበደርነው ማለት ነው። ሰው የተበደረውን ሊመልስ ይችላል፤ ምስጥ ግን አይመልስም።

እስኪ ወደ ቀደምቶቹ እንመለስ። በአቡበክር (ረ.ዐ.) ዘመን ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) የሰበሰቡት የቁርኣን ጽሑፍ በመጀመሪያ በአቡበክር፣ ቀጥሎም በዑመር (ረ.ዐ.) ዘንድ ነበር። ከዚያ በኋላ የተቀመጠው በእናታችን ሐፍሷ (ረ.ዐ.) ቤት ነው። ዑስማን (ረ.ዐ.) ሊያስገለብጡት በፈለጉ ጊዜ እንደሚመልሱላት ቃል ገብተው ላኩባት፤ እርሷም ሰጠች። ቅጂው ተዘጋጅቶ ወደየአገሩ ተላከ፤ ዋናውም ወደ እርሷ ተመለሰ። ይህን ቡኻሪ ዘግበውታል። ሐፍሷ አልሰጥም ብትል ኖሮ ጽሑፉ በቤቷ በደኅና በተቀመጠ ነበር፤ ግን ለኡማው የሚደርሰው በምን መንገድ ነበር? በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥበቃም፣ ማበደርም፣ መመለስም አንድ ላይ ይገኛሉ። ከዚህም በላይ የዚያ ታላቅ አማና ጠባቂ ሴት ነበረች። የመስጂዱ ቁም ሣጥን በወንዶች በኩል ብቻ ሲቀመጥ እናቶችና ሴት ልጆች እንዴት እንደሚያነቡ ያሰብን ስንቶቻችን ነን?

ዑለማዎችም ማበደርን ያለ ሥርዓት አልተዉትም። የተዋሱት ነገር ቢጠፋ ማን ይክፈል በሚለው ላይ ተወያይተዋል፤ በሻፊዒዮች ዘንድ ተበዳሪው ዋስ ነው፣ በሐነፊዮች ዘንድ ደግሞ ካላጠፋ ወይም ቸል ካላለ አይጠየቅም። በሂጅራ 733 ያረፉት በድሩዲን ኢብን ጀማዓ ስለ አስተማሪና ስለ ተማሪ አደብ በጻፉት ኪታብ ጉዳት ለማያደርስ ሰው ማበደር የተወደደ መሆኑን ገልጸዋል፤ ተበዳሪውም ያለ አስፈላጊነት እንዳያቆይ፣ ያለ ፈቃድ በኅዳጉ ላይ እንዳይጽፍ፣ ለሌላ ሰው እንዳያሳልፍ አሳስበዋል። እንግዲህ ለሥጋታችን የተሰጠው መልስ አደብና መዝገብ ነው፤ ቁልፍ ብቻውን መልስ አይሆንም።

በዘመናችን የቤተ መጻሕፍት ሙያ የደረሰበት ቦታም ከዚህ አይርቅም። ሕንዳዊው ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ለሙያው አምስት ሕጎች ሲያወጣ የመጀመሪያው ፍሬ ነገር መጽሐፍ ለአገልግሎት መሆኑ ነው። በአገራችንም ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከአሜሪካ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም በአዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። ልጁ ወደ መጽሐፉ መምጣት ካልቻለ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይሂድ ማለታቸው ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል፤ በመቱም እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሆኖም የያዮ ገበሬ ልጅ በቅድሚያ የሚያስፈልገው በሠፈሩ ያለው ሳጥን እንዲከፈትለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ያለንን እንቁጠር፤ የኪታቡ ስም፣ የሙጀለዱ ብዛት፣ የሰጪው ስም በደብተር ይጻፍ። ቀጥሎ እንለይ። በእጅ የተጻፈው ጥንታዊ ኪታብ ከቦታው አይውጣ፤ እዚያው በጠባቂው ፊት ይነበብ፣ በስልክም ፎቶ ይነሣ። የታተመው ግን በመዝገብ ይውጣ። ወቅፍ ያደረገው ሰው አይውጣ ብሎ ሁኔታ አስቀምጦ ከሆነ ሁኔታው ይከበራል። ቁልፉ በሁለት ታማኞች እጅ ይሁን፤ የሚከፈትበት ቀንም ይታወቅ፤ ለምሳሌ ከጁምዓ ሶላት በኋላና በገበያ ቀን። ለሴቶች የተለየ ሰዓትና ሴት ኃላፊ ይመደብ። ከዐረብኛው ጎን በኦሮምኛና በአማርኛ የተዘጋጁ መጻሕፍት ይኑሩ፤ የማይገባው ቋንቋ ለአንባቢ ሌላ ቁልፍ ነውና።

የሸይኽ አባታቸውን ኪታብ የያዙ ቤተሰቦችም ይህን ይለዩ። ወቅፍ የነበረው አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ወደ ተወቀፈበት ይመለሳል። የግላቸው የነበረው የወራሾች ሁሉ ሐቅ ነው፤ ለአቅመ አዳም የደረሱት ድርሻቸውን ወቅፍ ቢያደርጉ ይችላሉ፤ የሕፃናት ድርሻ ግን በስጦታ አይነካም።

ሰው ሲሞት ሥራው እንደሚቋረጥ፣ ከማይቋረጡት ሦስቱ መካከል ሰደቃ ጃሪያና የሚጠቅም ዕውቀት እንደሚገኙበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ለሰው የተከፈተ ኪታብ ሁለቱን ያጣምራል። በሳጥን ውስጥ የሚበሰብሰው ግን ለሟቹ ምን ይልክለታል? ያባቶቻችንን ምንዳ እኛው በቁልፍ እንዳንዘጋባቸው እንፍራ። አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ከሚጠብቁና ለባለቤቱ ከሚያደርሱ ያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።