ሳይበላሽ የሚሳሳት ሰዓት

ቢስሚላሂ ራሕማኒ ራሒም



በቦስኒያ ዋና ከተማ በሳራዬቮ፣ በአሮጌው የገበያ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1531 ከተሠራው የጋዚ ኹስረው ቤይ መስጂድ ጎን አንድ የድንጋይ ግንብ ቆሟል። ቁመቱ 30 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ኦቶማን ቱርኮች አገሩን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን የተገነባ የሰዓት ግንብ ነው። ዛሬ ያለው የሰዓት መሣሪያ ከለንደን የመጣው በ1870ዎቹ ነው።

ግንቡን ያየ እንግዳ ሰዓቱ የተበላሸ ይመስለዋል፤ እጁ ላይ ካሰረው ጋር አይገጥምምና። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በእስልምና አዲሱ ቀን ከመግሪብ ይጀምራል፤ ይህ ሰዓትም 12 የሚለው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እኛ ማምሻውን 12 ሰዓት ማለት ስለለመድን አይደንቀን ይሆናል። ሆኖም በአገራችን የቀኑ ርዝመት እምብዛም አይለዋወጥም፤ በሳራዬቮ ግን በሰኔ ከ15 ሰዓት በላይ ይረዝማል፣ በታኅሣሥ ወደ 9 ሰዓት ያጥራል።

በመጋቢት ወር ፀሐይ ከቀን ወደ ቀን እየዘገየች ትጠልቃለች። ያን ጊዜ ሰዓቱ አንድ ሳምንት ሳይነካ ቢተው 8 ደቂቃ ያህል ቀድሞ 12 ይላል። እርሱን ብቻ አምኖ የሚያፈጥር ጾመኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጾሙን ፈታ ማለት ነው። ልብ በሉ! ከመሣሪያው የተሰበረ ነገር የለም። ትናንት እንደዞረው ዛሬም ዞሯል፤ የተሳሳተውም ትናንት እንደዞረው ስለዞረ ነው። ስለዚህ የሶላት ወቅትን የሚያሰላው ሙወቂት እየተከታተለ ያስተካክለዋል።

ከዚህ አንድ ጥያቄ ይነሳል። መልካም ሥራ በልማድ ብቻ ሲሠራ መልካምነቱ እንደጸና ይቆያልን?

ልማድ የሚናቅ ነገር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጆችን ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ በሶላት እንድናዝ ያስተማሩት ልጁ ሲያድግ እንዳይከብደው ነው። መሣሪያ ባይኖር ኖሮ ሙወቂቱ በየደቂቃው ግንቡ ላይ ሊወጣ ነበር! ነገር ግን ለአላህ ብሎ ሰደቃ መስጠት የጀመረ ሰው፣ ዛሬ የሚሰጠው ጎረቤት እንዳያማው ቢሆንስ? ቤተሰቡን በሐላል ለማኖር ሱቅ የከፈተ አባት፣ ልጆቹን ተኝተው ብቻ የሚያያቸው ቢሆንስ? ምላሱ ፋቲሓን እየቀራ ልቡ ገበያ የሚውልስ? ሁሉም እንደ ትናንቱ ይዞራሉ፤ ምንም የተሰበረ አይታይም። የራቀው ኒያው ነው።

ሙወቂቱ ሰዓቱን የሚያቃናው ራሱን ሰዓቱን እያየ አይደለም፤ በጎረቤት ሰዓትም አይደለም። መለኪያው የፀሐይ መጥለቅ ነው። እኛም ራሳችንን በትናንቱ እኛነታችን ወይም በሰፈር ሰው ብንለካ ስሕተቱን አናገኘውም። መለኪያችን ቁርኣንና ሱና ነው። ሙሓሰባ ማለትም ይኸው ነው። አባትና እናት ከመግሪብ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው፣ «ዛሬ የሠራነውን ለማን ብለን ሠራነው?» ቢባባሉ ለቤታቸው ሙወቂት ሆኑ ማለት ነው። ይህም አንድ ቀን ተጠይቆ የሚያበቃ አይደለም፤ የሰዓቱ ቆጣሪ ዛሬ ቢቃና ነገ ፀሐይ ሌላ ደቂቃ ላይ ትጠልቃለችና።

አላህ (ሱ.ወ.) ኒያችንን ያሳምርልን፤ ሥራችንንም ይቀበለን። አሚን።