ወዳጅና መዝገብ

አንድ ነገር የሚወደደው የከበረ ስለሆነ ነው ወይስ የሚከብረው ስለተወደደ ነው የሚለው ጥያቄ ከአፍላጦን ዘመን ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ነው። አፍላጦን «ኤውቲፍሮ» በተባለው ድርሰቱ ይህንኑ ጥያቄ በሶቅራጥስ አፍ ስለ አማልክትና ስለ ጽድቅ ያነሳዋል፤ ከዚያ ወዲህም ጥያቄው ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ምግባርና ስለ አገር ሲጠየቅ ኖሯል እንጂ ስለ አንድ የተናቀ ፊልም ሲጠየቅ ብዙም አይታይም። ይሁን እንጂ የከበረውን መውደድ ማንንም ስለማያሳፍር ፍቅሩ ከነገሩ ክብር የመጣ ይሁን ከወዳጁ ልብ ለመለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ጥያቄውን ለመመርመር ይበልጥ የሚመቸው ሊቃውንት የናቁት ተመልካች ግን ያልተወው ሥራ ነው።

እንዲህ ካሉት ሥራዎች አንዱ ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ኮርቡቺ እ.ኤ.አ. በ1981 ያዘጋጀውና ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወዳጅ ያገኘ መዝገብ አገኘ» የሚል ትርጉም ያለው ፊልም ነው። ዘውጉ የሁለት ጓደኛሞች የድብድብ ኮሜዲ ሊባል የሚችል ሲሆን፣ ይኸውም በጠባይ የማይገጣጠሙ ሁለት ሰዎች ሳይፈልጉ ተጣምረው፣ እርስ በርስ እየተነታረኩና ጠላታቸውን አብረው እየደበደቡ ወደ ወዳጅነት የሚደርሱበት የታሪክ ዓይነት ነው። ሁለቱ ተዋንያን በድ ስፔንሰርና ቴሬንስ ሂል ናቸው። ስሞቹ የአሜሪካዊ ቢመስሉም ሰዎቹ ጣሊያናውያን ናቸው፤ የመጀመሪያው ትክክለኛ ስሙ ካርሎ ፔደርሶሊ ሲሆን፣ ፊልም ውስጥ ከመግባቱ በፊት 100 ሜትርን በነፃ ቀዘፋ ከአንድ ደቂቃ በታች የዋኘ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ ነበር፤ ሁለተኛው ማሪዮ ጂሮቲ ይባላል። በፊልሙ ውስጥ በድ ስፔንሰር ቻርሊ የተባለ መርከበኛ ሆኖ በአንድ የማርማላታ ኩባንያ ድጋፍ ብቻውን ዓለምን በጀልባ ሊዞር ሲነሳ፣ ቴሬንስ ሂል የሚጫወተው አለን የተባለ ቁማርተኛ ከሚያሳድዱት ወሮበሎች ሸሽቶ ጀልባው ውስጥ ይደበቃል፤ ከዚያም ሀብት የተቀበረባትን ደሴት የሚያሳይ ካርታ ይዟልና መንገዱን በተንኮል ወደዚያች ደሴት ያስቀይሳል። በደሴቲቱ ላይ ሀብቱን የሚጠብቀው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቃቱን ያልሰማ አንድ የጃፓን ወታደር ነው። ይህ ፈጽሞ የፈጠራ ቀልድ እንዳይመስል፣ ሂሮ ኦኖዳ የተባለው እውነተኛ የጃፓን መኮንን ከፊሊፒንስ ጫካ ወጥቶ እጁን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1974፣ ፊልሙ ከመሠራቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር።

ፊልሙን የሳቁ ነገር ብቻ አድርገው የሚያልፉት ሰዎች የማያስተውሉት ርእሱን ነው። ርእሱ የጣሊያኖች ምሳሌያዊ አነጋገር ሲሆን፣ ምንጩ ግን መጽሐፈ ሲራክ፣ ምዕራፍ 6 ላይ የታመነ ወዳጅን ከመዝገብ ጋር የሚያመሳስለው ቃል ነው። «መዝገብ» በዚህ አገባቡ የስም ዝርዝር የሚያዝበት ደብተር ሳይሆን፣ በጥንቱ ፍቺው የተከማቸ ሀብት ማለት ነው። መጽሐፈ ሲራክ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ሲሆን፣ በ66ቱ የፕሮቴስታንት ቀኖና ውስጥ ግን አይገኝም፤ ማርቲን ሉተርም እ.ኤ.አ. በ1534 ባሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ ከመሰሎቹ ጋር ለብቻው አኑሮ፣ ቢነበብ የሚጠቅም ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ግን የማይተካከል መሆኑን ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከጋምቤላ ክልል ነዋሪ 70 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት ሆኖ ስለተመዘገበ፣ አብዛኛው የክልሉ አማኝ ይህን ቃል በእጁ ባለው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አያገኘውም ማለት ነው። የሰባኪ መድረክ ያላደረሰውን የሲራክን ምክር የቡጢ ኮሜዲ ቢያደርሰው ነገሩ ያስፈግጋል እንጂ አያስነውርም።

ሃይማኖት ለእንዲህ ያለው ጨዋታ ፊት ሰጥቶ አያውቅም የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ ተቃውሞውም መሠረት አለው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ቴአትር የሚያዘወትሩትን ምእመናን አጥብቆ ገሥጿል፤ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመውም በከንቱ አልነበረም፤ ራሱ ሲራክም ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚስቀውን ከሰነፍ ይቆጥረዋል። በሌላ በኩል አርስጣጣሊስ ለዛ ያለው ጨዋታ ማወቅን ከምግባራት መካከል ያስገባዋል፤ መክብብም ለሳቅ ጊዜ እንዳለው ከመመስከሩ በላይ፣ ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰው እንደሚሻሉና አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንደሚያነሳው ሲያስተምር፣ የሁለት ጓደኛሞችን ፊልም ሙሉ ታሪክ በጥቂት ቃላት የተናገረ ይመስላል። ክርክሩን በዚህ ማለፍ ይሻላል፤ ለተነሳው ጥያቄ የሚበልጠው ሰው ከፊልሙ ጋር የሚኖርበት ሁኔታ ነውና።

ይህም ሁኔታ የሚወሰነው በቤት ቅጂ ነው። የቤት ቅጂ ማለት ፊልሙ ከሲኒማ አዳራሽ ወጥቶ በካሴት፣ በዲስክ ወይም በሌላ ማጠራቀሚያ ተቀድቶ የሚያዝበት መልክ ሲሆን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በአብዛኛው የአንድ ቤተሰብ ንብረት ሆኖ ሲቀር በኢትዮጵያ ከተሞች ግን ቪዲዮ ቤት በሚባለው አማካይነት የሰፈር የጋራ ነገር ሆነ። ቪዲዮ ቤት ቴሌቪዥንና ዴክ ያለው ሰው አንዲት ክፍል አጨልሞ፣ አግዳሚ ወንበር ደርድሮ በጥቂት ገንዘብ ተመልካች የሚያስገባበት ቤት ነው። ጋምቤላን በመሰለች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 526 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለች ቆላ ከተማ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ የከሰዓት በኋላውን ፀሐይ ችሎ አንድ ፊልም መጨረስ ራሱን የቻለ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ ላይ የሚሰቀለው ጨርቅ ከባሮ ወንዝ በኩል የሚመጣውንም ነፋስ ያስቀራል፣ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ፊልሙን ቀድሞ ያየው ላላየው የተቋረጠውን ትዕይንት በቃሉ ይጨርስለታል። የካሴት ክር ደግሞ ሙቀትም እርጥበትም ስለማይስማማው፣ ብዙ የተጫወተ ካሴት ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ መስመርም ያቋርጠዋል፤ ክሩ ከሁሉ የበለጠ የሚጎዳውም ተመልካች «መልሰው!» እያለ ደጋግሞ ያየው ትዕይንት ላይ ነው። ካሴቱ የት ቦታ እንደተወደደ በራሱ ጉዳት ስለሚመሰክር፣ «መዝገብ» የሚለው ቃል ሁለቱ ፍቺዎቹ፣ ሀብትነቱና ደብተርነቱ፣ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ካሴቱን ቪሲዲና ዲቪዲ፣ እነርሱንም ፍላሽና ሜሞሪ ተኩአቸው፤ ተመልካቹም ከቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ተነስቶ ፊልም ወደሚጭን ሱቅ ሄደ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 የተቀሰቀሰውን የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በኩሌ፣ በቲርኪዲና በሌሎች የክልሉ መጠለያዎች የሰፈሩት ስደተኞች ከ300 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ ቤቱን ጥሎ ለወጣ ሰው ጥፍር የምታክል ሜሞሪ ያለ ሸክም የሚጓዝ ሀብት ልትሆን ትችላለች። የዚህ ዝውውር ትልቅ ክፍል ያለ ባለመብቶች ፈቃድ የሚካሄድ መሆኑ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ በኋላም ነገሩ አለመቆሙ፣ ፍቅር የሚወደውን ሰው ድካም ሊሰርቅ ይችላል ወይ የሚል ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፤ መልሱም ሊችል ይችላል፣ ሆኖም ስርቆቱ በፍቅሩ አይነጻም የሚል ነው።

እስከ ዛሬ የቀጠለው ሌላው የቤት ቅጂ መልክ ትርጉም ፊልም የሚባለው ሲሆን፣ አንድ ተራኪ በዋናው ድምፅ ላይ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ንግግር በአማርኛ እየመለሰ፣ ከራሱም ጨዋታ እየጨመረ የሚያሰማበት ነው። ለዋናው ሥራ ጠበቃ ነን የሚሉ ሰዎች ይህን እንደ ማበላሸት ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን የሚሟገቱለት «ዋናው» የቱ እንደሆነ ሲጠየቅ ነገሩ ይደበዝዛል። በጣሊያንኛው ፊልም እንኳ የበድ ስፔንሰር ድምፅ የራሱ ሳይሆን የግላውኮ ኦኖራቶ፣ የቴሬንስ ሂልም የፒኖ ሎኪ ነው፤ የሁለቱ ፊልሞች እጅግ በተወደዱባት በጀርመን ደግሞ ራይነር ብራንት የተባለው ተርጓሚ በዋናው ያልነበሩ ቀልዶችን ጨምሮበት፣ የጀርመን ተመልካች የሚወደው ይበልጡን እነዚያኑ ቀልዶች ሆኗል። የኢትዮጵያ የትርጓሜ ቤት ተማሪ በዚህ ብዙም አይደነቅም። የግእዙን ንባብ «አንድም» እያለ በአማርኛ የሚያፍታታው የአንድምታ ትርጓሜ ከንባቡ ጋር አብሮ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ነውና፤ የሁለቱ ክብር ከቶ ባይተካከልም፣ ተርጓሚው የጨመረው ነገር ከተተረጎመው ጋር አንድ አካል የሚሆንበት አካሄድ ግን ይመሳሰላል።

እንግዲህ በእጅ እየተቀባበለ የሚሄድ ነገር ክብሩን ከየት ያገኛል? በጋምቤላ ለዚህ የሚጠቀስ የቆየ ምሳሌ አለ። በአኙዋ ሕዝብ ዘንድ ዲሙይ የሚባለው የብርጭቆ ዶቃ ለጥሎሽ የሚሰጥ ሲሆን፣ ለእኅት የመጣው ዲሙይ ወንድም በተራው ለሚያገባት ሴት ቤተሰብ ይሰጣል፣ ከዚያም ወደ ሌላ ቤት ይሻገራል። ዶቃው አይበላም፣ አይታረስበትም፤ ክብሩ ያሰራቸው ጋብቻዎችና ያለፈባቸው እጆች ናቸው። ይህ ማለት ግን ማንኛውም የተወደደ ነገር በመወደዱ ብቻ ይከብራል ማለት አይደለም፤ ዲሙይ ዋጋ የሚኖረው ሰዎች በእርሱ ምክንያት የሚጠባበቁት ግዴታ ስላለ ነው። ሲራክ አሮጌ ወዳጅን አትተው ብሎ አዲሱን ወዳጅ ካልቆየ ወይን ጋር ሲያነጻጽርም የሚያስበው ይህንኑ ነው። ሃያ ጊዜ የታየ ኮሜዲ በሃያ አንደኛው የሚያስቀው ቀልዱ አዲስ ስለሆነ ሳይሆን፣ ቀልዱ ከመምጣቱ በፊት አጠገብ የተቀመጠው ሰው መሳቅ ስለሚጀምር ነው።

የቪዲዮ ቤት ተመልካች የፊልሙን ጀግና «አክተሩ» ይለዋል፤ አክተሩ አንድ ነው፣ አይሞትም፣ የቀረው ሁሉ ለእርሱ ሲባል ይወድቃል። የሁለት ጓደኛሞች ፊልም ይህን ሕግ ያፈርሰዋል፤ አክተሩ የቱ ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። አፍላጦን «ሊሲስ» በተባለው ድርሰቱ ወዳጅነት በሚመሳሰሉ ሰዎች መካከል ነው ወይስ በተቃራኒዎች መካከል ብሎ ይጠይቅና ድርሰቱ መልስ ሳያገኝ ይዘጋል። አርስጣጣሊስ በበኩሉ ለጥቅም፣ ለደስታና ለበጎነት የሚሆኑ ሦስት የወዳጅነት ዓይነቶችን ለይቶ፣ ሰዎች አብረው ብዙ ጨው ሳይበሉ በእውነት እንደማይተዋወቁ ይናገራል። ቻርሊና አለን የሚጀምሩት ከጥቅምም ባነሰ ነገር፣ ከማታለል ነው፤ ሲራክ ወዳጅን ሳትፈትን አትመን ቢልም ቻርሊ የሚፈትንበት ፋታ አላገኘም፤ ባሕር ላይ ነው፣ እንግዳውም አስቀድሞ ጀልባው ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመ ውል ከተሰጠ በኋላ እስከ 1956 ድረስ በሱዳን በኩል የሚተዳደር የንግድ ጣቢያ የነበራትና ከካርቱም በሚመጡ መርከቦች የምትጎበኘው ጋምቤላ፣ በውሃ የመጣን እንግዳ መርጦ ያለመቀበልን ነገር ከደጋው አገር ይልቅ ታውቀዋለች።

በዚህ ሁሉ ላይ ግን ጋምቤላ ላይ ቆሞ ፊልሙን የሚያይ ሰው ሌላው ተመልካች በሳቅ የሚያልፈው አንድ ነገር ይጠብቀዋል። የደሴቲቱ ነዋሪዎች በፊልሙ ውስጥ የሚታዩት እንደ የዋህ፣ ጊዜ እንዳለፈባቸውና ሽፍቶች በወረሯቸው ጊዜ ራሳቸውን መከላከል እንደማይችሉ ሰዎች ሆነው፣ ሁለት ነጮች በቡጢ እስኪያድኗቸው የሚጠብቁ ተደርገው ነው። የባሮን ዳርቻ ሕዝቦች ደገኛው በቆዳቸው ቀለም በንቀት ስም ሲጠራቸው፣ ባሕላቸውንም ለትርኢት ሲያቀርበው የኖረ በመሆኑ፣ ይህን ሥዕል በሌላ አገር ልብስ ለብሶ ሲመጣ ለመለየት አይቸገሩም። አንዳንዶች ቀልድ ነውና ይታለፍ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ እንዲህ ያለው ፊልም ጨርሶ አይወደድ ይላሉ፤ ሁለቱም የተሳሳቱት ፍቅርን ከአድናቆት ጋር ስለሚያምታቱት ነው። አድናቂ ጉድለት ሲያይ ወይ ይክዳል ወይ ይሸሻል፤ ሲራክ ግን በምዕራፍ 19 ወዳጅ ያጠፋ እንደሆነ ሊጠየቅና ሊገሠጽ እንደሚገባው ያስተምራል፣ ተግሣጽንም የወዳጅነት መጨረሻ ሳይሆን ግዴታው ያደርገዋል።

ስለዚህ ፊልሙ የሚወደደው ከነጥፋቱ ነው፣ ጥፋቱም በስሙ ይጠራል። የመጀመሪያው ተግሣጽ ከተዋንያኑ ዝርዝር ሊጀምር ይችላል፤ አኑሉ የተባለውን የደሴቲቱን ነዋሪ ሆኖ የተጫወተው ሳል ቦርጌዜ የተባለ ጣሊያናዊ ነው።