ብልሽትና ምንጩ

አንድ ነገር አንድ ጊዜ ቢበላሽ አጋጣሚ ሊባል ይችላል። ተጠግኖ በዚያው ዓይነት ዳግመኛ ሲበላሽ ግን አጋጣሚነቱ ቀርቶ ጥያቄ ይሆናል። ጥያቄውም ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ለጠገነው፣ ላስጠገነውና አጠገቡ ለቆመው ሰው ሁሉ የቀረበ ነው። ሞተር ማስነሣትና ብልሽትን ማስወገድ አንድ ናቸውን? አንድ አለመሆናቸውን እያወቀ «ተሠርቷል» የሚል ሰው ሐሰት ተናግሯል ሊባል ይገባዋልን?

ከሁለቱ የአርባ ምንጭ ከተማ ክፍሎች ሴቻ በከፍታው ላይ ስትቀመጥ፣ ሲቀላ ከታች ከሜዳው ላይ የገበያና የንግድ ሠፈር ሆና ተዘርግታለች። ከከተማይቱ በታች ሁለት ሐይቆች ይገኛሉ፤ ደለል ያቀላው አባያና አዞና ጉማሬ የሚኖሩበት ጫሞ። ከሲቀላ ጋራዦች የሚወጣ መካኒክ የጠገነው ሞተር በመንገድ ላይ ቢቆም ተሳፋሪው ወርዶ ይጠብቃል። በጫሞ መካከል ቢቆም ግን መውረጃ የለም። ስለዚህ ጥያቄው በውኃ ላይ ቢመረመር ክብደቱ ጎልቶ ይታያል።

በጫሞ ላይ ሰው የምታመላልስ፣ በናፍታ ሞተር የምትሄድ አንዲት ጀልባ በሐሳብ ትታይ። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሁኔታ ያስነሣው ሞተር ነዳጁን በእሳት ብልጭታ አያቀጣጥልም። አየር በሲሊንደር ውስጥ በኃይል ሲታመቅ ግለቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ናፍታ እንደ ጉም ተረጭቶ ይነዳል። ለዚህም ናፍታው ንጹሕና የማይቋረጥ መሆን አለበት። በመስመሩ አየር ከገባ ፖምፓው የሚገፋው ነገር ያጣል፤ ሞተሩም ይጠፋል።

ጀልባዋ ግማሽ ሰዓት ያህል በደህና ትሄድና ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው እያቃሰተች ትቆማለች። መካኒኩ በመጀመሪያ የነዳጁን ጋን ክዳን ከፍቶ ያያል፤ ናፍታው ሙሉ ነው። ፊልትሮውን ይለውጣል፤ ከመስመሩ አየር ያስወጣል፤ ሞተሩ ይነሣል። በሳምንቱ ያው ይደገማል። ፖምፓው ተፈትቶ ይታያል፤ መርጫዎቹ ይጸዳሉ፤ ሞተሩም በየጊዜው ይነሣል። ሁሉም መጨረሻ የተነካው ዕቃ ጥፋተኛ እንደ ነበረ ያምናል።

ነገር ግን ያዳነው ሌላ ነው። ናፍታ ከጋኑ በወጣ መጠን አየር በመተንፈሻው ቱቦ ገብቶ ቦታውን መተካት አለበት። ቱቦው ከተደፈነ ጋኑ ባዶነትን እያረገዘ ይሄዳል፤ ፖምፓውም መሳብ ያቅተዋል። ክዳኑ ሲከፈት የታገደው አየር በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ብልሽቱም ይሰወራል። እንግዲህ መርማሪው ገና ምርመራውን ሲጀምር ማስረጃውን በገዛ እጁ አጥፍቶታል ማለት ነው።

ቱቦውን የደፈነው ማን ነው? የጀልባዋ ረዳት ነው። ባለፈው ክረምት በዚያው ቱቦ የዝናብ ውኃ ገብቶ ናፍታውን ስላበላሸ፣ በቅን ልብ ጨርቅ ወትፎበታል። ለዚያች ሌሊት ሥራው ትክክል ነበር። ዳሩ ግን መፍትሔው ዘመኑ ካለፈ በኋላ በቦታው በመቅረቱ ራሱ ችግር ሆነ። በጀልባ ብቻ አይደለም፤ በመሥሪያ ቤትም፣ በትምህርት ቤትም የትናንት መድኃኒት የዛሬ ደዌ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው።

ረዳቱ ይህን እያወቀ ለምን ዝም አለ? ከእርሱ በፊት ጥፋቱን የተናገረ ሰው ከደመወዙ ሲቆረጥ አይቷልና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ በሽታውን የገለጠ ሰው የሚቀጣበት ሥፍራ ግን መደበቅን ያስተምራል።

የጋሞ ሕዝብ በዚህ ረገድ የቆየ ጥበብ አለው። ወግን መተላለፍ ጎሜ ይባላል። ሕመም ወይም ድርቅ ሲደጋገም ሽማግሌዎች የተሠወረ መተላለፍ እንዳለ ይመረምራሉ፤ ነገሩም በዱቡሻ፣ በአደባባዩ፣ ተነግሮ በዕርቅ ይፈታል። በእርግጥ የተወተፈ ቱቦ ጎሜ አይደለም፤ ብረት በኑዛዜ አይድንም። ይሁንና የሚደጋገም ነገር የተደበቀ ነገር እንዳለበት መጠርጠር፣ ለተናገረውም ወደ ማኅበሩ የመመለሻ በር መክፈት ለጋራዥም የሚበጅ ሥርዓት ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ሂስና ግለ ሂስ» የሚለው አነጋገር በየስብሰባው የተለመደ ነበር። ስሕተትን ለመመርመር የወጣው ቃል ሰውን ለመክሰስ በዋለበት ጊዜ ሁሉ ግን የሚናገረው አፍ እንጂ ሕሊና አልነበረም፤ ጥፋቱም በቦታው ቀረ።

«ቅጣት ከሌለ ቸልተኝነት አይበዛምን?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋው መሳሳትና መደበቅ ሳይለዩ ሲቀሩ ነው። ጨርቁን የወተፈ ተሳስቷል። ተሳፋሪ ሲጫን እያየ ዝም ያለ ግን የሰው ነፍስ አስይዟል። ምክንያቱን ሳያገኝ «ተሠርቷል» ብሎ ሒሳብ የተቀበለ መካኒክም፣ «ብቻ አስነሣልኝ» ብሎ ያጣደፈው ባለ ጀልባም የዕዳው ተካፋዮች ናቸው። መካኒኩ ሐቀኛ ሊሆን የሚችለው «ተነሥቷል፤ ምክንያቱን ግን ገና አላገኘሁም» ብሎ ሲናገር፣ ባለ ጀልባውም ይህን ሰምቶ ተሳፋሪ ሳይጭን ሲቀር ነው።

ለከተማይቱ ስም የሰጧት ምንጮች ከተራራው ሥር ይፈልቃሉ፤ ውኃው ግን ከላይ ከደጋው የወረደ ነው። ብቅ ያለበት ቦታና የተነሣበት ቦታ ይለያያሉ። ስለዚህ ሞተሩ ዳግመኛ ሲቆም መካኒኩ ለመፍታት አይጣደፍ። የጋኑን ክዳን ቀስ ብሎ ያላላ፤ ጆሮውንም ያስጠጋ። አየር ወደ ውስጥ ሲነፍስ ከሰማ ምክንያቱ ተገኝቷል። ከዚያም ወደ ረዳቱ ዞሮ ያለ ቁጣ ይጠይቀው።