ነገ ተጽፎ ካለቀ ይቅርታ ለምን እንጠይቃለን?

«ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» እንላለን። ለቅሉ ጉልበት የሰጠው ጊዜ ራሱ ግን ምንድን ነው? እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ የፊዚክሱ ስሌት ይቅርብን። ጥያቄው ግን የኛም ነው።

በ1955 እ.ኤ.አ. ወዳጁ ሚኬሌ ቤሶ ሲሞት፣ አልበርት አይንስታይን ለሟቹ ቤተሰብ የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፈ። በፊዚክስ ለሚያምን ሰው ትናንት፣ ዛሬና ነገ ብሎ መለየት አልለቅ ያለ ቅዠት ነው የሚል ነበር። ወር ያህል ቆይቶ እሱም ተከተለው። እንግሊዛዊው ጁልያን ባርበር በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ጭራሽ ጊዜ የለም አለ። አሜሪካዊው ሊ ስሞሊን ደግሞ በ2013 ተቃራኒውን ይዞ ተነሣ፦ የሁሉ መሠረት ጊዜ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግ እንኳ በጊዜ ውስጥ ይለወጣል፤ ነገ ገና አልተወሰነም። ይህም መላ ምት እንጂ በሙከራ የተረጋገጠ እውነት አይደለም።

እስቲ ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። ጓደኛችንን አስቀይመናል እንበል። ነገ እንደ ትናንት ተጽፎ ያለቀ ከሆነ፣ ይቅርታ መጠየቃችንም መቅረታችንም ያኔውኑ የተቆረጠ ነው። ታዲያ ምን አስጨነቀን ብለን እንተኛ? የስሞሊን ሐሳብ የሚጥመን እዚህ ላይ ነው። ስለጣመን ብቻ ግን እውነት አይሆንም።

በእኛ አስተያየት፣ ነገ ተጽፎም ከሆነ ገጹን ያነበበው የለም፤ የተጻፈውም በኛው እጅ ነው። ሊቃውንቱ ክርክራቸውን ይቀጥሉ። እኛ ዛሬ ማታ ሄደን የጓደኛችንን በር እናንኳኳ።