ባለቤት የሌለው ቁልፍ

አንዲት የእህል ነጋዴ ሦስት መጋዘን ነበሯቸው። የየበሩ ሰንሰለት የተያያዘው በብዙ ጓጉንቸሮች ነው፤ አንዱ ከተከፈተ ሰንሰለቱ ይፈታል። እንዲህ የተደረገው ሁሉም በየራሱ ቁልፍ እንዲገባ ነው። ለሾፌሩ አንድ፣ ለሚዛን ሠራተኛው አንድ፣ ሌሊት ጭነት ለሚያወርዱት አንድ፣ ለደላላው ደግሞ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ አንድ። ሾፌሩ ሥራ ለቀቀ፤ ደላላውም ከተማውን ለቆ ሄደ። ጓጉንቸሮቻቸው ግን በሰንሰለቱ ላይ ቀሩ።

አንድ ጠዋት የጤፉ መጋዘን ባዶውን ተገኘ። የተሰበረ ነገር የለም። ዘበኛው «አልተኛሁም፤ ሰውየው በቁልፍ ከፍቶ ሲገባ አይቻለሁ። ቁልፍ የያዘ ሰው ምን ብዬ ልከልክል?» አለ።

ነጋዴዋ የወንድማቸውን ልጅ አስጠሩ። ልጁ ደብተር አሰምሮ የእያንዳንዱን ጓጉንቸር ባለቤት፣ የተገዛበትን ቀንና የሚከፍተውን በር የታወቀውን ያህል ጻፈ። ከዚያ ዘበኛው በየዕለቱ የተከፈተውን እንዲነግረው አዘዘ። ወር ሳይሞላ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ከጓጉንቸሮቹ አንዱ የቁልፍ ቀዳዳው በዝገት ተደፍኗል፤ ሸረሪትም አድርታበታለች። ሌላው ይከፈታል፤ የማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

«እትዬ፣ እነዚህን እናስወግዳቸው።»

«ተው ልጄ! የማን እንደሆነ ሳናውቅ? ሌሊት የሚያወርዱት ቢሆኑስ? እህሉን ዝናብ ሊመታብኝ ነው።»

«አንጥላቸውም፤ አውጥተን ሳጥን ውስጥ እናስቀምጣቸው። የሚፈልገው ሰው መጥቶ ይጮኻል።»

በሁለተኛው ሌሊት አውራጆቹ እየጮኹ መጡ። ጓጉንቸራቸው ስማቸው ተጽፎበት ተመለሰላቸው። ለዛገው የመጣ ሰው አልነበረም።

ከአማዞን ዌብ ሰርቪስስ ክላውድ የሚከራዩ ድርጅቶችም ያሉት በዚሁ ሁኔታ ነው። ለአንድ ተጠቃሚ የተሰጠ የረጅም ጊዜ አክሰስ ኪይ በራሱ ጊዜው አያልፍበትም፤ ሰው እስኪያግደው ድረስ ይከፍታል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሰርጎ ገቦች የኡበር መሐንዲሶች በኮድ ማከማቻው ጊትሀብ ላይ ባስቀመጡት ኮድ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁልፍ አግኝተው ወደ 57 ሚሊዮን የሚጠጉ የተሳፋሪዎችንና የሾፌሮችን መረጃ ወሰዱ። ሥርዓቱም እንደ ዘበኛው ነው፤ ትክክለኛ ቁልፍ ለያዘ ይከፍታል።

የልጁ ደብተር እዚህ ተዘጋጅቶ ይገኛል። አማዞን የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ቁልፍ፣ መቼ እንደታደሰና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሠራ የሚዘረዝር ሪፖርት ያወጣል። ሪፖርቱን በየጠዋቱ የሚያነብ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ከባድ አይደለም። በሰፊው የሚሠራበት ሲአይኤስ የተባለው የደኅንነት መመዘኛ ለ45 ቀን ያልተነካ ቁልፍ እንዲታገድ፣ የሚሠራውም በ90 ቀን እንዲታደስ ይጠይቃል።

ብዙ ጊዜ ያረጀውን ቁልፍ የሚያቆየው ስንፍና አይመስለኝም፤ የነጋዴዋ ፍርሃት ነው። «አንድ ነገር ቢቆምብንስ?» የሚል ሰው ምክንያት አለው፤ በዓመት አንዴ ብቻ ሒሳብ የሚዘጋ ፕሮግራም ለ45 ቀን ዝም ማለቱ አይገርምም። ፍርሃቱ የሚለቀው ማገድና መሰረዝ ሲለያዩ ነው። ስለዚህ ማገዱን ለፕሮግራሙ፣ መሰረዙን ግን በስሙ ለሚጠየቅ ሰው መተው እመርጣለሁ። የታገደ ቁልፍ ባለቤቱ ሲጮኽ ወዲያው ይመለሳል፤ የተሰረዘ ግን ፈጽሞ አይመለስም።